የማይሰጥም የድራም መድረክ፦ በአራት ኮምፔርሳቶ የሚሠራ፣ ተፈታትቶ የሚጫን

ከአራት ዓመት በፊት በጥር ወር፣ ባሕር ዳር ከተማ፣ ጣና ሐይቅ ዳር ሣር ላይ በተተከለ ድንኳን ውስጥ ሠርግ እንጫወት ነበር። ለድራሙ ከፍ ያለ ቦታ ተብሎ የተዘጋጀልኝ የብረት እግር ባላቸው ጠረጴዛዎች ላይ የተደረደረ ጣውላ ነበር። ሣሩ ጠዋት ውሃ ጠጥቷል። ሙሽሮቹ ገብተው ችክችካው ሲግል ከኋላዬ ያለው የጠረጴዛ እግር ቀስ በቀስ መሬት ውስጥ ገብቶ ኖሯል፤ እኔ የታወቀኝ መቀመጫዬ ሲንሸራተት ነው። ከነሲምባሉ ወደ ኋላ ወደቅሁ። የግራ እጄ አንጓ አብጦ ሦስት ሳምንት መምቻ አልጨበጥሁም፤ የዚያ ዓመት የጥር ሠርግ በዚያው አለፈኝ።

የራሴን መድረክ ልሥራ ብዬ ስነሣ መጀመሪያ ያሰብሁት ቱቦላሬ፣ ማለትም አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ፣ ቆርጦ እግር ያለው ብረት ማስበየድ ነበር። ዓባይ ማዶ የሚሠሩ አንድ አናጢ ጋሼ ሥዕሌን ተቀብለው አዩና፣ «አንተ ልጅ፣ የወደቅኸው እኮ እግሩ ሰጥሞ ነው። አሁንም እግር ልትሠራ?» አሉኝ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከእርሳቸው ጥያቄ የወጣ ነው።

እግር ያለው መድረክ በሆቴል አዳራሽ ሴራሚክ ላይ ምንም አይሆንም። ባሕር ዳር ላይ ግን ብዙው ሥራችን ሣር ላይ ነው፤ ሣሩ ሥር ደግሞ ውሃ ሲነካው የሚላቁጥ ጥቁር አፈር አለ። የጣና ውሃ በክረምቱ ማብቂያ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ ከፍ ሲል የዳርቻው መሬት ከውስጥም እርጥብ ይሆናል። ሒሳቡን እንሥራው። አራት በአራት ሴንቲ ሜትር የሆኑ 16 የብረት እግሮች መሬቱን የሚነኩት በ256 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። እዚህ የማሳያችሁ መድረክ እግር የለውም፤ በጠርዛቸው ቆመው እርስ በርስ በተሰካኩ የኮምፔርሳቶ (ስስ የእንጨት ሽፋኖች በሙጫ ተደራርበው የተጣበቁበት ሰሌዳ) ጎድኖች ላይ ያርፋል፤ መሬቱን የሚነካው ወደ 3,800 ካሬ ሴንቲ ሜትር በሚጠጋ ስፋት ነው። አሥራ አምስት እጥፍ ያህል ማለት ነው። መድረኩ፣ ድራሙና ድራመሩ ተደምረው በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የሚያሳርፉት ክብደት ሣሩ ላይ ቆሞ ከሚያጨበጭብ ሠርገኛ እግር ያንሳል።

ስፋቱና ከፍታው

ከመግዛታችሁ በፊት ድራማችሁን ቤት ውስጥ እንደምትጫወቱበት ዘርጉትና ዙሪያውን በጠመኔ አስምሩ። የሲምባል ማቆሚያዎቹን እግሮች አትርሱ፤ ቦታ የሚበሉት እነርሱ ናቸው። ባለ 22 ኢንች ቤዝ ድራም፣ ማለትም 56 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ሦስት ቶም፣ ስኔር፣ ሃይ ሃት (በእግር የሚከፈትና የሚዘጋ ጥንድ ሲምባል) እና ሁለት ሲምባል ያለው ስብስብ 2 ሜትር በ2 ሜትር ላይ ጠበብ ብሎ ይቀመጣል። እኔ የመረጥሁት ወደ ጎን 244፣ ወደ ኋላ 200 ሴንቲ ሜትር ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው፦ አንደኛ ከመቀመጫው ጀርባ ቦታ ይተርፋል፤ ሁለተኛ ኮምፔርሳቶው የሚሸጠው 122 በ244 ሆኖ ስለሆነ ብክነቱ ትንሽ ነው።

ከፍታው ወደ 26 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ድራመር ተቀምጦ ዓይኑ ከወለሉ 1 ሜትር ከ20 አካባቢ ነው፤ 26 ሲጨመርበት በድምፃዊውና በቤዝ ጊታሪስቱ ትከሻ መካከል አሻግሮ የሚጨፍረውን ሰው ያያል። እስክስታ የሚወርደውን ሰው ትከሻ ሳያይ የሚመታ ድራመር ግማሽ ሥራውን አጥቷል ብዬ አምናለሁ። 40 ሴንቲ ሜትር የሚያደርጉም አሉ፤ ለሰፊ ሜዳ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ጣሪያው ዝቅ ያለ አዳራሽ ውስጥ ሲምባሉ መብራት ይነካል፤ ከዚያ ከፍታ መውደቅም ሌላ ነገር ነው።

የሚገዛው

አራት ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ዋናው ነው። ከእንጨት ፍቅፋቂና ዱቄት የሚጨመቁትን ቺፑድና ኤምዲኤፍ አትግዙ፤ ርካሽ ናቸው፣ ግን አንድ ክረምት ጠርዛቸውን እንደ ዳቦ ያሳብጠዋል፣ ቪቴም፣ ማለትም ጥርስ ያለው ምስማር፣ አይዙም። ለኮንክሪት ሥራ የሚውለው ፊቱ የተሸፈነ ኮምፔርሳቶ ከተገኘ ከሁሉ ይሻላል፤ ሙጫው ውሃ እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው። ሻጩ «ውሃ ይችላል» ካላችሁ ትንሽ ቁራጭ ለምናችሁ ውሰዱና አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ አሳድሩት፤ ሽፋኖቹ በጣት ከተላቀቁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

በተጨማሪ አራት ባለ 10 ሚሊ ሜትር ሙሉ ጥርስ ያላቸው የብረት ዘንጎች፣ እያንዳንዳቸው 20 ሴንቲ ሜትር ተደርገው የተቆረጡ፤ ለየጫፋቸው ዳዶ (በዘንጉ ጥርስ ላይ የሚዞረው ማጥበቂያ) እና ሰፋ ያለ ሮንዴላ (ከዳዶው ሥር የሚገባ ክብ ብረት)፤ የእንጨት ኮላ፤ ባለ 3 ሴንቲ ሜትር ቪቴ፤ ጥቂት ሞራሌ (አራት ማዕዘን ሆኖ የተሰነጠቀ ቀጭን እንጨት)፤ ቫርኒሽ፤ 2 ሜትር ተኩል በ2 ሜትር የሆነ ጠጉሩ አጭር ምንጣፍ። አሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ (የውስጥ ጎማ) ደግሞ ብስክሌት በሞላባት ከተማችን ጠጋኞቹ ዘንድ ሞልቷል፤ ሰባት ስምንት ያህል ሰብስቡ። ዝገት የነካው ዘንግ አትውሰዱ፤ ዳዶው በእጅ መዞር አለበት።

አቆራረጡ

ቀጥ ያለውን ቁረጥ በጠረጴዛ መጋዝ አናጢ ቤት አስቆርጡት። ገንዘቡ ይገባዋል፤ በእጅ መጋዝ 244 ሴንቲ ሜትር ቀጥ አድርጎ መቁረጥ የሚችል ሰው ጥቂት ነው፣ ጎድኑ ከተጣመመ ደግሞ ሁሉም ይጣመማል።

ሁለቱ ኮምፔርሳቶዎች ለወለሉ ናቸው። ከእያንዳንዳቸው 44 ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ 122 በ200 የሆነ ሰሌዳ ይቀራል። ቁራጮቹን አትጣሉ፤ ለመርገጫ ይሆናሉ። ሰሌዳውን እንደገና ለሁለት ለመክፈል ትፈተኑ ይሆናል፣ ምክንያቱም አንዱ ወደ 28 ኪሎ ይመዝናል። አትክፈሉት። ከሥሩ ጎድን የሌለው መጋጠሚያ ሁሉ የሚጮህ፣ የሚያነክስ ቦታ ነው።

የቀሩት ሁለቱ ለጎድኖቹ ናቸው። እያንዳንዱን በቁመቱ 24 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው አምስት ቁራጮች አስቀድዱ። አምስት ጊዜ 24፣ 120 ነው፤ የተረፈውን 2 ሴንቲ ሜትር መጋዙ ይበላዋል። ከሁለቱ ኮምፔርሳቶ አሥር ቁራጭ ታገኛላችሁ። ስድስቱን 200 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ፤ እነዚህ ረጃጅም ጎድኖች ናቸው። አራቱን ለሁለት ለሁለት ክፈሉና እያንዳንዱን ልክ 121 ሴንቲ ሜትር አድርጉ፤ ስምንት አጫጭር ጎድኖች ይሆናሉ። አሥሩም ቁራጭ ያልቃል፤ የሚተርፈው 44 በ24 የሆኑ ስድስት ትናንሽ ቁራጮች ነው። አንዱን ለሙከራ አስቀምጡት፣ አሁኑኑ ያስፈልጋል።

መሰኪያዎቹ

ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ስጡት። መድረኩ በሁለት ግማሽ ይሠራል። እያንዳንዱ ግማሽ ሦስት ረጃጅምና አራት አጫጭር ጎድኖች አሉት፤ በተገናኙበት ሁሉ አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች እስከ ግማሽ ተከፍቶ ይሰካካሉ። በሁለቱ ግማሾች 24 መገናኛ ስላለ 48 መሰኪያ ይቆረጣል።

ስድስቱን ረጃጅም ጎድኖች ጫፋቸውን አስተካክላችሁ በአንድነት እሰሯቸውና በስኳድራ (የቀጥታ ማዕዘን መለኪያ) አንድ ጊዜ አስምሩባቸው። የመሰኪያዎቹ መሐል ከአንዱ ጫፍ በ6፣ በ69፣ በ131 እና በ194 ሴንቲ ሜትር ላይ ይውላል። ስምንቱን አጫጭሮችም እንዲሁ አስራችሁ በ6፣ በ60 ከግማሽ እና በ115 ላይ አስምሩ። ለየብቻ እየለካችሁ ብታሰምሩ የአንድ ሚሊ ሜትር ስሕተት በየቦታው ይጠራቀምና በመጨረሻ አልሰካ ይላል፤ እኔ በመጀመሪያው ሙከራዬ ሁለት ጎድን ያበላሸሁት በዚህ ነው።

የመሰኪያውን ስፋት በሱቁ ቁጥር አትወስኑ። 18 ሚሊ ሜትር ተብሎ የሚሸጠው ኮምፔርሳቶ ብዙ ጊዜ ከዚያ ትንሽ ይሳሳል። ያስቀመጣችሁትን ትርፍ ቁራጭ ውሰዱ፣ አንድ መሰኪያ ቁረጡበት፣ ሌላ ጎድን ስኩበት። በእጅ ግፊት የሚገባ፣ ሲያነሡት ግን ራሱ የማይወድቅ ከሆነ ልኩ ያ ነው። ቫርኒሽ ሲቀባ ውፍረት ስለሚጨምር ከዚህ ልክ በላይ ጥቂት ትርፍ ይኑረው።

ጥልቀቱ 12 ሴንቲ ሜትር ከ2 ሚሊ ሜትር ይሁን። የ24 ግማሽ 12 ነው፤ ሁለቷ ሚሊ ሜትር የተጨመረችው ሁለቱም ጎድኖች ያለ ጥርጥር መሬት እንዲነኩና ከላይ እኩል እንዲሆኑ ነው። መሰኪያው ካጠረ አጫጭሮቹ ጎድኖች ከፍ ብለው ይቀራሉ፣ ሰሌዳውም እንደ ሚዛን ይወዛወዛል።

አቆራረጡ ቀላል ነው። በመሰኪያው መጨረሻ ላይ በመሰርሰሪያ ጎን ለጎን ቀዳዳ አውጡ፣ ሁለቱን መስመር በእጅ መጋዝ እስከ ቀዳዳው ውረዱ፣ መሐሉ ራሱ ይወድቃል። ታችኛውን ጥግ በመሮ አጽዱት። በረጃጅሞቹ ላይ መሰኪያዎቹ ሁሉ በአንድ ጠርዝ፣ በአጫጭሮቹም እንዲሁ በአንድ ጠርዝ መሆናቸውን እየተጠራጠራችሁ ተመልከቱ። አንድ ጎድን ተገልብጦ ከተቆረጠ ለማገዶ ነው።

ሁለቱን ግማሾች ማያያዝ

ረጃጅሞቹን መሰኪያቸው ወደ ላይ ሆኖ አቁሟቸው፤ አጫጭሮቹን ከላይ አውርዱባቸው። ሁለቱ ግማሾች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የአጫጭሮቹ ጫፎች ይነካካሉ፤ በመሐል የሚተያዩት ሁለት ረጃጅም ጎድኖች ደግሞ በ12 ሴንቲ ሜትር ይራራቃሉ። ዘንጎቹ የሚያልፉት በእነዚህ ሁለት ጎድኖች ውስጥ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አስራችሁ በከፍታቸው መሐል፣ ከጫፍ በ14፣ በ77፣ በ123 እና በ186 ሴንቲ ሜትር ላይ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አውጡ። ቀዳዳዎቹ ከአጫጭሮቹ ጎድኖች አጠገብ የሆኑት በምክንያት ነው፤ ዳዶው ሲጠብቅ ጎድኑ እንዳይጎብጥ ጎረቤቱ ይደግፈዋል። ጫፎቹ ሲነካኩ ማጥበቁን አቁሙ። ሰሌዳው ገና ስላልተጫነ እጃችሁ ከላይ እንደ ልብ ይገባል።

ሲመሽና ስትቸኩሉ እንዳትደናገሩ በእያንዳንዱ ጎድን ላይ በቀለም ፊደል ጻፉ። ግራው ግማሽ ሀ፣ ቀኙ ለ፤ ከዚያ ቁጥር።

ወለሉ

በእያንዳንዱ ሰሌዳ ሥር፣ በአራቱ ማዕዘን፣ 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው የሞራሌ ቁራጮች በኮላና በቪቴ ይመታሉ። ቦታቸውን ለማወቅ ሰሌዳውን ተገጣጥሞ በቆመው ጎድን ላይ አስቀምጣችሁ ከሥር በእርሳስ አስምሩ፤ ቁራጮቹ በጎድኖቹ ጥግ ውስጥ ሲገቡ ሰሌዳው ወዴትም አይሄድም። ከአራቱም ጎን የጣት ጥፍር ያህል ክፍተት ይተዉላቸው፣ አለዚያ እንጨቱ ሲያብጥ ሰሌዳው አልወጣ ይላል።

አሁን ከመነዳሪው። በቁመቱ ቅደዱት፣ በጎድኖቹ ላይኛ ጠርዝ ላይ አጥፋችሁ በትናንሽ ምስማር ከጎን ምቱት፤ መሰኪያዎቹ ላይ ግን አይድረስ። ይህ ነገር ያለ ጎማ ሲሆን እንጨት ከእንጨት እየተጋጨ ከእያንዳንዱ ምት ኋላ ትንሽ «ጠቅ» የምትል ድምፅ ያወጣል፤ የቤዝ ድራሙ ማይክራፎን ደግሞ ያችን አይምርም።

ባዶ ሣጥን ራሱ ከበሮ ነው። ቤዝ ድራሙ በሚያርፍበት ሥር ያሉትን ክፍሎች በአሮጌ ብርድ ልብስ ወይም ጭድ በታጨቀ ጆንያ ሙሏቸው። ጆንያው ሰሌዳውን በትንሹ እየነካ መሆን አለበት፤ መሬት ላይ ተኝቶ ከሰሌዳው ከራቀ ጥቅሙ ትንሽ ነው። እኔ መጀመሪያ ሳልሞላው ስጫወት የድምፅ ባለሙያው ከቤዝ ጊታሩ ጋር የሚደበላለቅ ማጉረምረም ሊያጠፋ ሲለፋ አመሸ። በሁለተኛው ቀን በአራት ጆንያ ጭድ ጠፋ።

ሁለት ጠርዞች፣ አንድ መርገጫ

ከጀርባና ከሁለቱ ጎን 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ የሚል የሞራሌ ጠርዝ በሰሌዳው ላይ በብሎን እሰሩ። የመቀመጫው እግር ወደ ኋላ ሲሄድ ይህ ጠርዝ ይይዘዋል። ሌላውን ሁሉ ብታሳንሱ ይህን አታሳንሱ። ድራመር ጀርባው አያይም።

ሁለተኛው ከቤዝ ድራሙ ፊት የሚመታ 60 ሴንቲ ሜትር ሞራሌ ነው፤ ከድራሙ በሚነካው ጎኑ ከመነዳሪ ይልበስ። ሠርግ ላይ አንድ ዘፈን ከሌላው እየተቀጣጠለ ግማሽ ሰዓት ሲሄድ ፔዳሉ ድራሙን በየምቱ ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ምንጣፍ ብቻውን አይችለውም። ምንጣፉን በሰሌዳዎቹ ልክ ለሁለት ቁረጡና በየራሳቸው ሰሌዳ ላይ በኮላ ለጥፉት፤ ያልተለጠፈ ምንጣፍ ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ሲነሣ ጠርዙ ይገለጣል።

26 ሴንቲ ሜትር በአንድ እርምጃ ለመውጣት ከተራ ደረጃ ይበልጣል። ከወለሉ በተረፈው 122 በ44 ቁራጭ 61 በ44 የሆነ መርገጫ ሥሩለት፣ ከፍታው ከነፊቱ 13 ሴንቲ ሜትር። ጎኖቹ ከትናንሾቹ ቁራጮች ይወጣሉ።

ቀለምና ሙከራ

ጠርዙን ሁለት ጊዜ ተጨማሪ ቫርኒሽ ቀቡት። ኮምፔርሳቶ ውሃ የሚጠጣው በፊቱ አይደለም፣ በተቆረጠበት ነው። በተለይ መሬት የሚነካው ጠርዝ እስኪጠግብ ይቀባ፤ የመሰኪያዎቹ ውስጥ ግን ስስ ይሁን።

ሰው ሳይቀመጥበት በፊት ክብደት ጫኑበት። ጎረቤት የሚሠራ ቤት ካለ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ስድስት ከረጢት ተዋሱና በአንድ ግማሽ መሐል ደርድሩ፤ ከሥሩ በተወጠረ ገመድ ሰሌዳው ምን ያህል እንደጎበጠ ለኩ። ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ አንድ ቦታ ጎድን መሬት አልነካም ማለት ነው። ቀጥሎ ሁለት ሰው ወጥቶ ይዝለልበት። የሚጮኸውን መገናኛ ፈልጉና ሻማ እሹበት።

ቦታው ላይ

ሣሩን በእግራችሁ ዙሩበት። ውሃ የሚያቁር፣ ጫማ የሚይዝ ቦታ ካለ ሁለት ሜትር ፈቀቅ ማለትን ለአዘጋጁ ጠይቁ፤ አዘጋጆች ይህን ሲጠየቁ ደስ አይላቸውም፣ ቢሆንም ጠይቁ። ጎድኖቹ ተሰክተው ዘንጎቹ ከመጥበቃቸው በፊት ውሃ ልክ በሁለቱም አቅጣጫ አስቀምጡ። ዝቅ ባለው በኩል ሽብልቅ ሳይሆን ሰፊ ጣውላ ከጎድኑ ሥር አንጥፉ፤ ሽብልቅ ለሲሚንቶ ወለል ነው፣ በሣር ላይ እርሱም ይሰጥማል።

የማይክራፎን ገመዶች እንዲያልፉ በጀርባው አጭር ጎድን ላይ አምስት ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ይኑር። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሣሩ ላይ አይቀመጥ፤ ከጎድኑ ጋር በገመድ ታስሮ ከመሬት ከፍ ብሎ ይንጠልጠል። ማታ በጣና ዳር ጤዛ አለ፣ የጄኔሬተር መብራት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከለላ የለውም።

ሙሉው ወደ 125 ኪሎ ይመዝናል፤ እንደ እንጨቱ ከዚህ ሊያንስም ሊበልጥም ይችላል። ተፈታትቶ ሲደረደር 2 ሜትር በ122 ሆኖ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ይታሰራል፤ ወደ ዘጌ በጀልባ ስንሄድም ሰሌዳዎቹን ከታች አንጥፈን ድራሙን ከላይ ጭነናል። ባጃጅ ላይ አትሞክሩት። ሁለት የለመዱ ሰዎች በሃያ ደቂቃ ያቆሙታል፤ የመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ይፈጃል።

ዝናብ ከነካው በማግስቱ ቁራጮቹን ለየብቻ፣ በጠርዛቸው አቁማችሁ፣ ጥላ ውስጥ አድርቋቸው። እኔ በአንድ ሰኔ ሰሌዳዎቹን እርጥብ እንዳሉ ደራርቤ ትቻቸው አንዱ ጥጉ ተጣመመ። አናጢው ጋሼ ፊቱን ወደ ታች አስተኝተው ድንጋይ ጫኑበት፤ አሥር ቀን ቆይቶ ከሞላ ጎደል ተመለሰ። አሁን ያንን ሰሌዳ ሁልጊዜ በሃይ ሃቱ በኩል አደርገዋለሁ፣ የተጣመመው ጥግ ወደ ፊት።